ሲአርፒዎ 8 ሆነ ማለት ልብዎ ሊቆም ነው ማለት አይደለም

ባለፈው ሳምንት አንድ አባት ወደምሠራበት ላቦራቶሪ መጡ። ዕድሜያቸው 74 ነው። በአንድ እጃቸው የደም ምርመራ ውጤት ይዘዋል፣ በሌላው ደግሞ ልጃቸው አትማ የሰጠቻቸውን ጽሑፍ። ውጤቱ ላይ ሲአርፒ፣ ማለትም ሰውነት ውስጥ የተቆጣ ነገር መኖሩን የሚጠቁመው የደም ምርመራ፣ 8.4 ይላል። ጽሑፉ ላይ «ከ3 በላይ» የሚለው ቦታ በቀይ እስክሪብቶ ሁለቴ ተሰምሮበታል።

«ልጄ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እውነቱን ንገሪኝ። ስንት ጊዜ ቀረኝ?»

ሳቄም መጣ፣ ንዴቴም መጣ። ንዴቴ በእሳቸው አልነበረም።

«ጋሼ፣ ሰሞኑን አሞዎት ነበር እንዴ?»

«ኧረ ምንም አልሆንኩ። ጉንፋን ቢጤ ይዞኝ ነበር፣ ለቆኛል። ይቺ ጥርሴ ናት ትንሽ የምትነዘንዘኝ።»

አፋቸውን ሲከፍቱ ድዳቸው ቀልቶ አብጧል። ለ8.4 ይሄ ከበቂ በላይ ነው።

ጽሑፉን ተቀብዬ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። የጸሐፊውን ስም አላነሳም፤ ጉዳዬ ከተጻፈው ጋር ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል። የልብ በሽታ እውነተኛ መንስኤ ብግነት ነው፣ ኮሌስትሮል ያለፈበት ወሬ ነው። ሲአርፒዎ ከ3 ካለፈ ድንገተኛ የልብ ሕመም ደጃፍዎ ላይ ቆሟል። ስለዚህ ዕድሜው ከ60 ያለፈ ሁሉ በየሦስት ወሩ ሲአርፒና ኢኤስአር የተባለውን ሌላ የደም ምርመራ ይመርመር። ቁጥሩ ከፍ ካለ የብግነት ክኒን፣ እርድ በወተትና በየቀኑ አንድ አስፕሪን ይውሰድ።

እዚህ ውስጥ እውነት አለ። ስንዴው ከእንክርዳዱ ጋር ስለተቀላቀለ ነው መልስ ለመጻፍ የተነሳሁት።

መጀመሪያ ግን ስለ ብግነት ትንሽ ልበል። ብግነት የሐኪም አማርኛ ነው። እኛ ቤት «ቁስሉ ተቆጣ» ነው የምንለው። የተቆጣ ቁስል ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ያማል። ሰውነት ራሱን እየተከላከለ ነው ማለት ነው። ይህ መቆጣት አንዳንዴ ውስጥ ለውስጥ፣ ሳያምም፣ ለዓመታት ይቆያል። የተቆጡት ህዋሳት ኢንተርሊውኪን-6 የሚባል መልእክት ወደ ደም ይለቃሉ። መልእክቱ ጉበት ሲደርስ ጉበት ሲአርፒ የሚባለውን ፕሮቲን ማምረት ይጀምራል። እኛ በቱቦ ወስደን የምንለካው ይህንን ነው።

ልብ በሉ፣ አምራቹ ጉበት ነው። መልእክቱ ከጉልበት ይምጣ፣ ከድድ ይምጣ፣ ከፊኛ ይምጣ፣ ከልብ ደም ሥር ይምጣ፣ ለጉበት ሁሉም አንድ ነው። ኮረብታ ላይ ቆሞ ከመንደር ጭስ ሲወጣ የሚያይ ሰው በሉን። ቤት እየተቃጠለ ይሁን እንጀራ እየተጋገረ፣ ከዚያ ሆኖ አይለይም።

ደግሞም ሲአርፒ ሲገኝ የልብ ነገር በማንም ሐሳብ ውስጥ አልነበረም። በ1930 ኒው ዮርክ፣ ሮክፌለር ተቋም ውስጥ፣ ቲሌትና ፍራንሲስ የተባሉ ተመራማሪዎች የሳንባ ምች ሕሙማንን ደም ሲያጠኑ ነው ያገኙት። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ስሙ ውስጥ ያለችው «ሲ» እንኳ የሳንባ ምች ባክቴሪያው ላይ ካለ ንጥረ ነገር የመጣች ናት።

«ኮሌስትሮል ያለፈበት ወሬ ነው»

ብግነት በልብ በሽታ ውስጥ እጁ አለበት። ይህን አልክድም። ጽሑፉ የጠቀሰው ካንቶስ የተባለው የ2017 ጥናትም ትክክለኛ ጥናት ነው። ሰዉ ሃርት አታክ የሚለው ደርሶባቸው የተረፉ፣ ሲአርፒያቸውም 2 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ 10,061 ሰዎች ገቡበት። የተሰጣቸው ካናኪኑማብ የሚባል መርፌ ኮሌስትሮልን አይቀንስም፣ ብግነትን ነው የሚያበርደው። በየሦስት ወሩ 150 ሚሊግራም የተወጉት ሰዎች ዳግመኛ በልብ ሕመም፣ በስትሮክ ወይም በዚሁ ሰበብ በሚመጣ ሞት የመጠቃት ዕድላቸው በ15 በመቶ ቀነሰ። በጊዜው ትልቅ ዜና ነበር።

ጽሑፉ እዚህ ላይ ነጥብ አድርጎ ይቆማል። የቀረው ግን እንዲህ ነው። መርፌውን በወሰዱት ላይ ለሞት የሚያደርስ ኢንፌክሽን ጨመረ። በጠቅላላው የሞት ቁጥር ላይ ልዩነት አልታየም። መድኃኒቱም ለልብ ሕክምና ፈቃድ አላገኘም። አብዛኞቹ ተሳታፊዎች ደግሞ ስታቲን፣ ማለትም የኮሌስትሮል መድኃኒት፣ እየወሰዱ ነበር። ብግነቱን ማብረድ የጠቀመው ኮሌስትሮሉ እየታከመ፣ በዚያ ላይ ተጨምሮ ነው። ያለፈበት ወሬ ነው የተባለው ሕክምና ከሥር ደግፎ እንደነበር ጸሐፊው መናገር ነበረባቸው።

ብዙም ሳይቆይ ሜቶትሬክሴት የተባለ ሌላ የብግነት መድኃኒት በ4,786 ሰዎች ላይ ተሞከረ። ሲአርፒንም አልቀነሰ፣ ልብንም አልጠቀመ። ብግነት ብዙ በር ያለው ቤት ነው፤ አንዱን መዝጋት ሌላውን አይዘጋም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለእኔ ከሁሉም የሚያሳምነኝ እሱ ነው። አንዳንድ ሰው ከዘሩ በወረሰው ምክንያት ዕድሜ ልኩን ሲአርፒው ከሌላው ከፍ ያለ ነው። ሲአርፒ ራሱ ልብን የሚጎዳ ቢሆን ኖሮ እነዚህ ሰዎች በልብ በሽታ ከሌላው ይልቅ መጠቃት ነበረባቸው። በብዙ ሺህ ሰዎች ላይ ታየ። አልተጠቁም። በዘር ኤልዲኤል የሚባለው ኮሌስትሮል እጅግ ከፍ ብሎባቸው የሚወለዱ ልጆችስ? ካልታከሙ ገና በወጣትነታቸው ልባቸው ይታመማል። ሲአርፒ ምስክር ነው፣ ኤልዲኤል ግን ተከሳሽ ነው።

«ከ3 ካለፈ ደጃፍዎ ላይ ቆሟል»

ሦስት ከየት መጣች? የአሜሪካ የልብ ማኅበርና የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2003 ካወጡት መመሪያ ነው። በሊትር ከ1 ሚሊግራም በታች ዝቅተኛ ስጋት፣ ከ1 እስከ 3 መካከለኛ፣ ከ3 በላይ ከፍተኛ። እስከዚህ ትክክል ነው። ግን ያው መመሪያ ሌላም ይላል። ምርመራው ሰውየው ደህና በሆነበት ሰሞን ይደረግ፤ በሁለት ሳምንት ገደማ ልዩነት ሁለቴ ተለክቶ አማካዩ ይያዝ። ከ10 በላይ ከወጣ ደግሞ ኢንፌክሽን ወይም ሌላ የተቆጣ ነገር ይፈለግና በኋላ ይደገም። ጽሑፉ ቁጥሯን ወስዶ መመሪያውን ጥሎታል።

ሲአርፒ ቶሎ የሚወጣ፣ ቶሎ የሚወርድ ነገር ነው። ሰውነት በተቆጣ በሰዓታት ውስጥ ይጨምራል፣ በሁለት ቀን ገደማ ጣሪያው ላይ ይደርሳል። መንስኤው ሲጠፋ ደግሞ በየ19 ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ጉንፋን ያለቀቀው ሰው ላይ አንዴ ተለክቶ በዕድሜው ላይ ፍርድ መስጠት ምን ይባላል?

«ከፍተኛ ስጋት» የሚለው ቃልም ሰውን ያስደነግጣል። በ2024 የወጣ አንድ ጥናት 27,939 አሜሪካውያን ሴቶችን ለ30 ዓመት ተከታትሏል። ሲአርፒያቸው ከፍተኛ ከሆነው አንድ አምስተኛ ውስጥ የነበሩት፣ ዝቅተኛ ከሆነው አንድ አምስተኛ ጋር ሲነጻጸሩ ለልብ ሕመምና ለስትሮክ ያላቸው ስጋት በ70 በመቶ ይበልጣል። ቀላል ቁጥር አይደለም፣ አላናንቀውም። ግን የተለካው በ30 ዓመት ውስጥ የሚሆነው ነው። ደጃፍ ላይ የቆመ ነገር እንዲህ አይቆጠርም። ሴቶቹ ጥናቱን ሲጀምሩም አማካይ ዕድሜያቸው 55 ገደማ ነበር። ጋሼ 74 ናቸው።

ዕድሜ ራሱ ሲአርፒን ከፍ ማድረጉ ዋናው ነገር ነው፣ ጽሑፉ ደግሞ ይህንን ጭራሽ አላነሳውም። ዕድሜ ሲገፋ ሰውነት እንደ ሽሮ ወጥ በቀስታ መንተክተክ ይጀምራል። ክላውዲዮ ፍራንቼስኪ የተባሉ ጣሊያናዊ ተመራማሪ በ2000 ለዚህ ነገር ስም አውጥተውለታል፤ እርጅናና ብግነትን ያጣመረ ቃል ነው። በዚያ ላይ የጉልበት መገጣጠሚያ አለ፣ ድድ አለ፣ የሆድ ስብ አለ፣ ሴቶች ላይ ተደጋግሞ የሚመጣ የሽንት ኢንፌክሽን አለ፣ የቆየ ሲጋራ አለ። ይሄ ሁሉ ጉበትን ያንኳኳል። የ35 ዓመት ጎልማሳ ላይ ያለ ምክንያት 5 የወጣ ሲአርፒ ያስጠይቃል። የ78 ዓመት እናት ላይ ያው 5 ምናልባት ጉልበታቸው ነው።

ጥናቶቹም ይህንን ያሳያሉ። በኔዘርላንድስ ሮተርዳም ከተማ ዕድሜያቸው ከ55 በላይ የሆኑ ነዋሪዎች ሲጠኑ፣ ዕድሜን፣ ደም ግፊትን፣ ሲጋራንና የመሳሰለውን ካወቁ በኋላ ሲአርፒን መጨመር ትንበያውን አላሻሻለም። በአሜሪካ ዕድሜያቸው ከ70 እስከ 79 የሆኑ 2,225 ሰዎች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ኢንተርሊውኪን-6 ከሲአርፒ ይልቅ አጥርቶ እንደሚናገር አገኘ። ስለዚህ የአረጋውያን ደም የሚለው ነገር አለው። ሲአርፒ ግን በዚህ ዕድሜ ጆሮው ትንሽ ደነዝ ያለ መሣሪያ ነው።

እግረ መንገዴን ከሙያዬ አንድ ማስጠንቀቂያ። ውጤቱ ላይ ከቁጥሩ አጠገብ ያለውን መለኪያ እዩ። አንዱ ላቦራቶሪ በሊትር ይጽፋል፣ ሌላው በዴሲሊትር። ልዩነቱ አሥር እጥፍ ነው። በዴሲሊትር 0.3 የተጻፈው በሊትር 3 ነው። እንዲሁም ለኢንፌክሽን የሚታዘዘው ተራው ሲአርፒ ዝቅተኛ ቁጥሮችን በደንብ አይለይም። 1፣ 2፣ 3 እያሉ የልብ ስጋት መቁጠር የሚቻለው ሃይ ሴንሲቲቭ በሚባለው ምርመራ ብቻ ነው። የጋሼ ወረቀት ተራው ነበር። ጽሑፉ ስለዚህ ልዩነት አንድ ቃል ቢተነፍስ ኖሮ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አያጡም ነበር።

ኢኤስአርን ቶሎ ልለፈው። እሱ ቀይ የደም ህዋሳት በአንድ ሰዓት ውስጥ ምን ያህል ወደ ታች እንደሚወርዱ የሚለካ የቆየ ምርመራ ነው። በዕድሜ ይጨምራል፣ በደም ማነስም ይጨምራል። ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ግምታዊ ስሌት አለ፦ ለወንድ ዕድሜን ለ2 ማካፈል፣ ለሴት ዕድሜ ላይ 10 ጨምሮ ለ2 ማካፈል። የ80 ዓመት እናት ላይ 45 ድረስ መውጣቱ አያስደነግጥም ማለት ነው። እኛ አገር ኢኤስአርና ልብ በሰው አፍ አብረው የሚነሱት በሌላ ምክንያት ይመስለኛል። ከጉሮሮ ሕመም በኋላ በሚመጣው የሪውማቲክ ትኩሳት ልጆች ሲጠረጠሩ ኢኤስአርና ሲአርፒ ይታዘዛሉ፤ ያ በሽታ ደግሞ የልብን በር ያበላሻል። እሱ ሌላ በሽታ ነው፣ ከደም ሥር መጥበብ ጋር አይገናኝም።

«ሁሉም በየሦስት ወሩ ይመርመር»

በየሦስት ወሩ የሚለው ከየት እንደመጣ ላገኘው አልቻልኩም። ሁሉም ይመርመር የሚለው ግን ክርክር ያለበት ነው፣ ለጸሐፊው ፍትሐዊ ልሁን። የአሜሪካ የመከላከል ሕክምና ግብረ ኃይል በ2018 ሃይ ሴንሲቲቭ ሲአርፒን ምልክት በሌላቸው ሰዎች ላይ ለመጨመር ማስረጃው አይበቃም ብሏል። የአሜሪካ የልብ ሐኪሞች ኮሌጅ ደግሞ በ2025 ባወጣው መግለጫ በሰፊው ይመርመር ወደሚለው ሄዷል። ሊቃውንቱ ራሳቸው አልተስማሙም።

እኔ ወደ መጀመሪያው አደላለሁ። የልብ በሽታ የሌለባቸው 246,669 ሰዎች የተካተቱበት ትልቅ ትንተና በ2012 ወጥቷል። ስጋታቸው መካከለኛ የሆነ ከ400 እስከ 500 ሰዎች ሲአርፒ ቢመረመሩ፣ በ10 ዓመት ውስጥ ተጨማሪ አንድ ሰው ከልብ ሕመም ወይም ከስትሮክ ሊድን ይችላል ይላል። አንድ ሰውም ሰው ነው። ግን ለ500 ሰው ምርመራ የሚወጣው ገንዘብ ስንት የደም ግፊት መለኪያ ይገዛል?

ጽሑፉ «በ17 ሺህ ሰዎች ላይ ተረጋግጧል» ያለው ጁፒተር የተባለውን የ2008 ጥናት ነው። ይህችን ረጋ ብለን እንያት። 17,802 ሰዎች ነበሩ፤ ኤልዲኤላቸው ብዙ ያልከፋ፣ ሲአርፒያቸው ግን 2ና ከዚያ በላይ። ግማሾቹ ሮሱቫስታቲን የተባለ ስታቲን ወሰዱ፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት ክኒን። ሁለት ዓመት ገደማ ሲሞላው ጥናቱ ተቋረጠ፤ ስታቲን የወሰዱት ላይ አደጋው በ44 በመቶ ቀንሶ ነበርና። በሰው ሲቆጠር 251 ሰው ላይ ሲደርስ የነበረው ወደ 142 ወረደ፣ ከየ8,901 ሰው ማለት ነው። ጥሩ ውጤት ነው። ነገር ግን ክኒኑ ሲአርፒን ብቻ አልቀነሰም፣ ኤልዲኤልንም በግማሽ አውርዶታል። የትኛው እንደሠራ በምን ይለያል? በዚያ ላይ ሲአርፒያቸው ዝቅ ያለ ሰዎች ጥናቱ ውስጥ አልገቡም። እነሱም ስታቲን ቢወስዱ ይጠቀሙ እንደሆነ ከዚህ ጥናት ማወቅ አይቻልም። ከዚህ ተነስቶ «ሲአርፒን ማውረድ ልብን ያድናል» ማለት፣ ዝናብም ማዳበሪያም ያገኘ ማሳ አይቶ ምርቱን ለማዳበሪያው ብቻ እንደመስጠት ነው።

ለማንኛውም ጋሼን «ይምጡ እስቲ ግፊትዎን ይለኩ» አልኳቸው። ነርሷ ለካቻቸው። 168 በ94። አምስት ደቂቃ አሳርፋ ደገመችው፣ ያው ነው። መቼ እንደተለኩ አያስታውሱም። ከፍ ያለ ግፊትን ማከም ደግሞ በአረጋውያን ላይ በደንብ የተፈተነ ነገር ነው። በ2008 የወጣው ሃይቬት የተባለ ጥናት ዕድሜያቸው 80ና ከዚያ በላይ የሆኑ 3,845 ሰዎችን ይዞ ነበር። ግፊታቸው የታከመላቸው ላይ የልብ ድካም በ64 በመቶ፣ በማንኛውም ምክንያት የሚመጣ ሞት በ21 በመቶ ቀነሰ። 80 ዓመት ያለፋቸው ሰዎች ናቸው! 8.4 ጋሼን እንቅልፍ ስትነሳ፣ 168 ድምፅ ሳታሰማ አብራቸው ትኖር ነበር።

ክኒኖቹ

እርዱን በአንድ አረፍተ ነገር ልሸኘው፦ አልጫ ውስጥ እወደዋለሁ፣ በወተትም ጠጡት፣ ልብን ከሕመም ያድናል ተብሎ ግን መድኃኒት አይቋረጥበትም።

«የብግነት ክኒን» የሚለው ነው ያስፈራኝ። ሰው ይህንን አንብቦ ወደ ሰፈሩ መድኃኒት ቤት ቢሄድ የሚሰጠው ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ነው። ስማቸው በእርግጥ ብግነት ማስታገሻ ነው። ሆኖም ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ የደም ግፊት ይጨምራሉ፣ ኩላሊት ይጎዳሉ፣ የልብ ሕመም ስጋትንም ከፍ ያደርጋሉ። የዚሁ ቤተሰብ የሆነው ቫዮክስ በ2004 ከዓለም ገበያ የወጣው በዚሁ ምክንያት ነው። ጉልበቱን ለማስታገስ ሐኪም ያዘዘለት ሰው ሌላ ጉዳይ ነው። ለልብ ብሎ ዳይክሎፌናክ መዋጥ ግን እሳት ለማጥፋት ጋዝ መርጨት ነው።

ኮልቺሲንንም ጽሑፉ በጨረፍታ ነክቶታል። ለሪህ የምናውቀው መድኃኒት ነው። በትንሽ መጠን፣ በቀን 0.5 ሚሊግራም፣ የልብ ሕሙማን ላይ በ2019ና በ2020 ጥሩ ውጤት አሳይቷል፤ በ2023ም አሜሪካ ውስጥ ለዚሁ ተፈቅዷል። በ2024 ግን ሃርት አታክ በደረሰባቸው 7,062 ሰዎች ላይ ሲሞከር ጥቅም አልታየበትም። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ ደግሞ በቀላሉ መርዝ ይሆናል። የልብ ሐኪም የሚወስነው ነገር እንጂ ከጎረቤት የሚወሰድ አይደለም።

አስፕሪን ቀረ። አስፕሪ የተባለው የ2018 ጥናት በአውስትራሊያና በአሜሪካ 19,114 አረጋውያንን ይዞ ነበር፤ አብዛኞቹ 70ና ከዚያ በላይ፣ የልብ በሽታ የሌለባቸው። በየቀኑ 100 ሚሊግራም አስፕሪን የወሰዱት የልብ ሕመማቸው አልቀነሰም፤ ከባድ የደም መፍሰሳቸው ግን በ38 በመቶ ጨመረ። ቅድም ያነሳሁት የአሜሪካ ግብረ ኃይልም በ2022 ዕድሜው 60ና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ለመከላከል ብሎ አስፕሪን አይጀምር ብሏል። ይህ ከዚህ በፊት ሃርት አታክ ወይም ስትሮክ ለደረሰባቸው፣ ወይም በልብ ደም ሥራቸው ውስጥ ስቴንት (ደም ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) ለገባላቸው አይሠራም። እነሱ የታዘዘላቸውን በራሳቸው ማቋረጥ የለባቸውም።

ጋሼ ከኮታቸው ኪስ አዲስ የአስፕሪን ፓኬት አወጡ። ገና አልከፈቱትም።

«ጨጓራ አለብዎት?» አልኳቸው።

«ድሮ ነው እሱ። አንዴ ደም አስመልሶኝ ሆስፒታል ተኝቻለሁ።»

ለጽሑፉ ባለቤት፦ ስለ ኮሌስትሮሉም ስለ ምርመራውም በሌላ ቀን ልንከራከር እንችላለን። የአስፕሪኗን መስመር ግን እባክዎ ዛሬውኑ ያውጧት።